እኔ 9ኛ ፎቅ ስወዛወዝ ዘበኛው ለምን ምንም አልተሰማቸውም?

ታህሳስ 26 2017፣ ከሌሊቱ 9:52፣ የአዋሹ የመሬት መንቀጥቀጥ። ሰንጋ ተራ 40/60 9ኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፣ አልጋው ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የሳሎኑ አምፖል ገመዱ ላይ ይወዛወዛል። ልጅ ታቅፈን በደረጃ ወርደን ታች ስንደርስ ዘበኛው አባባ ጋቢያቸውን እንደለበሱ "ምን ሆናችሁ ልጆቼ?" አሉን። ምንም አልተሰማቸውም!

ነገሩ አላስተኛኝም፣ ፓይተን (የፕሮግራም መፃፊያ ቋንቋ) ትንሽ ትንሽ ስለምሞክር ዳታውን ራሴ ልየው አልኩ። ፉሪ ተራራ ላይ ያለው የሴይስሞሜትር (የመሬት ንዝረት መለኪያ) ጣቢያ ዳታው ክፍት ነው፣ ኦብስፓይ በሚባል ነፃ ላይብረሪ ታወርዱታላችሁ። ሁለት ምሽት ሙሉ ያየሁት ግን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነበር፣ ለካ ዳታው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ነው፣ እኔ ደግሞ 9:52 ብዬ በኛ ሰዓት አስገብቻለሁ። የኛ የሌሊት 9:52 እዛ 00:52 ነው።

ከዛ ስፔክትረም (በየፍጥነቱ ምን ያህል ንዝረት እንዳለ የሚያሳይ ስዕል) ሳወጣ ዜሮ ሄርዝ (ሄርዝ ማለት በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ነው) ላይ አንድ ግንብ ቆመብኝ፣ አማካዩን ሳልቀንስ ነበር ፎሪየር (ንዝረቱን በየፍጥነቱ የሚለየው ስሌት) ውስጥ የከተትኩት። እሱን አስተካክዬ፣ የመሳሪያውን ሬስፖንስም (መሳሪያው ንዝረቱን ወደ ቁጥር የሚቀይርበትን መንገድ) አውጥቼ (ይሄን ካልሰራችሁ የምታዩት የመሬቱን ሳይሆን የመሳሪያውን ቁጥር ነው) ስዕሉ ጠራ። ፈጣኑ ንዝረት ከአዋሽ እስከዚህ ሲመጣ መንገድ ላይ አልቋል፣ የደረሰው ቀርፋፋው ነው። የሰርግ ድንኳን ሙዚቃ ከሩቅ ቤዙ ብቻ እንደሚሰማው ማለት ነው። ቀርፋፋው ደግሞ የሚመቸው ለረጅም ፎቅ ነው፣ በግምት አስር ፎቅ ያለው ህንፃ ወዲያና ወዲህ ብሎ ለመመለስ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል።

የኛስ ስንት ነው ብዬ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ መቅዳት ጀመርኩ። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ነው፣ ስለዚህ የለካሁት ጠረጴዛውን ነበር ሃሃ። ከዛ ስልኩን ወለሉ ላይ ኮለኑ (ምሰሶው) ስር በፕላስተር ለጠፍኩት። የስልክ ሴንሰር የራሱ ጫጫታ አለው፣ ህንፃው ዝም ሲል ምንም አያሳይም፣ ግን የካቲት 7 ምሽት 5:28 ላይ ያ በመጠን 6.0 የሆነው መንቀጥቀጥ ሲመጣ እየቀዳ ነበር። 1.1 ሄርዝ ላይ ጉብ ያለ ጫፍ ወጣ፣ ማለትም 0.9 ሴኮንድ አካባቢ። የፉሪው ላይ እዛ ቦታ እንዲህ ያለ ጫፍ የለም።

ህንፃው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን ፉሪ አለት ነው እኛ ደግሞ አፈር ላይ ነን፣ ስለዚህ የኛን ስፔክትረም ለፉሪው ሳካፍል የአፈሩና የህንፃው ተደባልቆብኛል። ከመጀመሪያው ታችም አንድ ስልክ ማስቀመጥ ነበረብኝ። አሁን የባለቤቴ አሮጌ ስልክ ዘበኛው ቤት ወለል ላይ ተለጥፏል፣ አባባ "ወሬዬን አይቀዳም አይደል?" ብለው ሁለቴ ጠይቀውኛል።