የጽጌ ቅዳሜዎች

ዛሬ መስከረም 26 ነው። ጽጌ ገባ። እስከ ኅዳር 5 ድረስ አርባ ቀን የአበባና የእመቤታችን ስደት መታሰቢያ ነው። ይህች ቀን በደረሰች ቁጥር አያቴ ትዝ ትለኛለች። ዘንድሮ ልጻፈው ብያለሁ።

የደሴን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌ ከገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈር ውስጥ ይውላል፤ ከፊትህ የሚሄደውን ሰው አታየውም። የታጠበ ልብስ እሳት ዳር ካልሆነ አይደርቅም። ልጅ ሆኜ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፀሐይ ዳግመኛ የምትወጣ አይመስለኝም ነበር። አያቴ ግን አትጠራጠርም። «ቆይ እስቲ፣ አደይ ትምጣ» ትለኛለች። ደግሞም ትመጣለች። ማንም ሳይዘራት፣ ማንም ሳይኮተኩታት፣ ጳጉሜን ላይ በየጥጋጥጉ ብቅ ትላለች። እግዚአብሔር ቃሉን ይጠብቃል የሚለውን ነገር እኔ ከስብከት በፊት የተማርኩት ከዚያች ቢጫ አበባ ነው።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከሰፈር ልጆች ጋር ወደ ጦሳ ግርጌ እንወጣለን። ሣሩ ጤዛ ስላዘለ እስከ ጉልበታችን እንበሰብሳለን። አደዩን ከለምለም ሣር ጋር አስረን ስንመለስ እጃችን ቢጫ ሆኗል። ከዚያ አበባየሆሽ ነው። «ለምለም» እያሉ ከሚቀበሉን መካከል የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ነበሩ። ወሎ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። እንዲያውም መጀመሪያ የምንዘፍነው እነሱ ደጅ ላይ ነበር፤ እናታቸው ሳንቲሙንም ዳቦውንም አትሰስትም። ለመስቀል ደግሞ አደይ ደመራው ላይ ትታሰራለች፤ በማግስቱ አመዱን ግንባራችን ላይ በመስቀል ምልክት ያደርጉልናል። መስከረም 21 ሲቃረብ ከተማው በግሸን ማርያም ተሳላሚዎች ይሞላል። አያቴም ጉልበቷ ሳይደክም ትሄድ ነበር።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የጽጌን ቅዳሜ ሌሊት ነው። አያቴ በጋቢ ጠቅልላ መድኃኔዓለም ይዛኝ ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ ነቅቼ አያለሁ። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽሉን እያንሿሹ፣ ቀስ ብለው ይወዘወዛሉ። ዜማው ረጅም ነው፤ ግእዙ አይገባኝም። እንቅልፍ ይጥለኛል። ከበሮው ሲሞቅ ደግሞ እነቃለሁ። አያቴ እንደቆመች ናት። ስንት ሰዓት ቆመች? ያኔ አላስበውም።

አንድ እሑድ ጠዋት ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንደሚሉ ጠየቅኳት። እመቤታችን ልጇን አዝላ ከሄሮድስ ሸሽታ ግብጽ መውረዷን፣ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በስደት መንከራተቷን ነገረችኝ። አበባዋ እሷ፣ ፍሬው ልጇ እንደሆነም ነገረችኝ። አልተዋጠልኝም። አገሩ ሁሉ እንዲህ አምሮ እያለ ለምን የሚያሳዝን ይዘመራል? «ስደት ወቅት መርጦ አይመጣም፣ ልጄ» አለችኝ። በዚህ አበቃ።

ያ መልስ የገባኝ አያቴ ካረፈች በኋላ ነው።

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የጽጌ ቅዳሜ። የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ደርሶ እኛም እንደ ሌላው ሰው ወጣን። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት በሰው ተሞልቶ ነበር። ፍራሽ የተሸከመ፣ አሮጊት እናቱን ደግፎ የሚሄድ፣ ልጅ ያዘለች። እኔም ልጄን አዝያለሁ። ማኅሌት የምንቆምበት ሌሊት መንገድ ላይ አለፈ። ኮምቦልቻም የሚያሳርፍ አልነበረም፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄድን። የማያውቁን ሰዎች ክፍላቸውን ለቀቁልን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ውለታቸውን መቼም አልረሳም።

ኅዳር 6 ቁስቋም ማርያምን ያከበርነው እዚያው በእንግድነት ነው። ቅዳሴው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ስለ ቤታችን ብቻ አልነበረም። እመቤታችንን ስዕል ላይ በወርቅ ደምቃ ነበር የማውቃት። እሷም ጀርባዋ በልጅ ክብደት ዝሎ፣ ማታ የት እናድራለን እያለች መሄዷን ያን ቀን አሰብኩት። ሊቃውንቱ ይህን ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲዘምሩላት እንደኖሩ ሳስብ በሰውነቴ አንዳች ብርታት ተሰማኝ። አያቴም ለምን እንዳልተቀመጠች ገባኝ።

የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ የሚጾመው ሰው ብዙ አይደለም። እኔ ከዚያ ዓመት ወዲህ እጾመዋለሁ። እኛ ቤታችን ገብተናል። ዛሬም ድረስ ያልገቡ፣ ልጆቻቸውን መጠለያ ውስጥ የሚያሳድጉ እናቶች ግን ብዙ ናቸው። ዘንድሮም ጸሎቴ ስለ እነሱ ነው።