የመድኃኒት ስሞችን ከኋላቸው ጀምራችሁ አጥኑ

አሜሪካ ውስጥ ለፋርማሲ ቴክኒሽያን ፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔ ስጀምር ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ፒቲሲኢ (PTCE) የሚባለው ይህ ፈተና 90 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት። ነጥብ የሚያዘው በ80ዎቹ ነው። ማለፊያው በፈተናው የራሱ የነጥብ ስሌት 1400 ነው። የተመዘገባችሁበት ስም መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። የአባትና የአያት ስም ጉዳይ እኛን በየቢሮው ያስቸግረናልና አስቀድማችሁ እዩት። የመጠን ሒሳቡ ልምምድ ይፈልጋል እንጂ አያስፈራም። ሕጉም ተነብቦ ይያዛል። መከራው ያለው ስሞቹ ላይ ነው።

የተማርኩበት የማታ ትምህርት ቤት ገና ከመጀመሪያው 200 መድኃኒቶች የተደረደሩበት ወረቀት አደለን። ድርድሩ በኤቢሲዲ ተራ ነው። «እንዳለ ሸምድዱት» ተባልን። የክፍል ፈተናውም በዚያው ተራ ነበር፤ ቁራጭ ይሰጡንና የጎደለውን ሙሉ ይሉናል።

አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። በፊደል ተራ መደርደር ማለት የሚምታቱትን ስሞች አንድ ቦታ ማጎር ነው። ኤች ላይ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁን ተመልከቱ፦ ሃይድራላዚን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሃይድሮኮዶን፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ሃይድሮክሲዚን። የመጀመሪያው የደም ሥር አስፍቶ ግፊት ያወርዳል። ሁለተኛው ሽንት እያበዛ ግፊት የሚቀንስ ነው። ሦስተኛው ሱስ የሚያስይዝ ከባድ የሕመም ማስታገሻ ነው። አራተኛው ስቴሮይድ ነው፤ ለቆዳ ማሳከክ በቅባት መልክ ታውቁት ይሆናል። አምስተኛው ለወባና ሉፐስ ለሚባለው ሰውነት ራሱን ለሚያጠቃበት በሽታ ይሰጣል። ስድስተኛው ለአለርጂና ለጭንቀት ነው። ስድስቱም ረጅም ናቸው፣ ስድስቱም በአንድ ዓይነት ፊደላት ይጀምራሉ። ግፊት ከሚቀንሱት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በቀር ግን በሥራ አይገናኙም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እኮ የዚህን አደጋ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ስማቸው የሚመሳሰል መድኃኒቶችን የሚያመርቱ ኩባንያዎች የሚለዩባቸውን ፊደላት በትልልቁ እንዲጽፉ ጠይቋል። ሃይድራላዚንና ሃይድሮክሲዚን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዛሬ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚለያዩበት ክፍል በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ታያላችሁ። ሰው እንዳይሳሳት ይህን ያህል ይለፋል። የእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ስሞቹን በትንንሽ ፊደል አከታትሎ ጽፎ ሸምድዱ ይለናል።

ጥናቱን የሚያስተባብረውን ሰው ሄጄ አነጋገርኩት። በበሽታ ዓይነት ከፋፍለን እናጥና፣ ፈተናውም በዚያው ይሁን አልኩት። «ዝርዝሩ የጸደቀ ነው» አለኝ። ማን እንዳጸደቀው ብጠይቀው መልስ የለውም። በመጨረሻው ያንን ኮርስ ደግሜ እንድከፍል ተደረግኩ። አብራኝ የጀመረች አንዲት እህት ደግሞ ቀን አረጋውያን ስትንከባከብ ውላ ማታ ክፍል የምትመጣ ጎበዝ ሴት ነበረች። «ጭንቅላቴ አይቀበልም ማለት ነው» ብላ ጥላው ወጣች። ጭንቅላቷ ምንም አልነበረበትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

እኔ ያለፍኩት ወረቀቱን ጥዬ ስሞቹን ከኋላቸው ማንበብ ስጀምር ነው። የመድኃኒት ስም ልክ እንደ ግጥም መጨረሻው ላይ ቤት ይመታል። ይህ በአጋጣሚ አልመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የመድኃኒቶችን ዓለም አቀፍ ስም ዝርዝር እያወጣ ነው። የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች የጋራ ፊደላት እንዲኖራቸው ሆን ተብሎ ይሰየማሉ።

አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፦ «ኦሎል» ካላችሁ የልብ ምት የሚያረጋጉና ግፊት የሚቀንሱ ናቸው። ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል፦ «ፕሪል» የግፊት ነው፤ አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዘዋል። ሳሉ ካስቸገረ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ወደ «ሳርታን» ያዞረዋል፤ ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን። «ዲፒን» ስትሰሙ አምሎዲፒንና ኒፌዲፒንን አስቡ፤ እነሱም የግፊት ናቸው። አቶርቫስታቲንና ሲምቫስታቲን የኮሌስትሮል ናቸው። ኦሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል የጨጓራ አሲድ ይቀንሳሉ። እነዚህን መጨረሻዎች ስትይዙ የዝርዝሩ ትልቅ ክፍል በራሱ ይገባችኋል።

አስተማሪያችን «መጨረሻው ያሳስታል፣ አትመኑት» ይል ነበር። የሚያሳስት አለ፤ አልክድም። ኒስታቲን ኮሌስትሮል አይነካም፤ የፈንገስ መድኃኒት ነው። ስሙን ያገኘው ከኒው ዮርክ ስቴት ነው፤ ያገኙት ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የዚያ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ነበሩ። ለዚህ ነው «ስታቲን» ብላችሁ ሳይሆን «ቫስታቲን» ብላችሁ ያዙ የምለው። አሪፒፕራዞልም የጨጓራ ሳይሆን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፤ የእሱ መጨረሻ «ፒፕራዞል» ነው። እንዲህ ያሉትን ለብቻቸው በአንድ ገጽ ጻፏቸው። ለእነዚህ ጥቂቶች ብሎ መንገዱን በሙሉ መተው ግን ትክክል አይደለም።

ስለ ፊደላችንም ልንገራችሁ። ስሞቹን በአማርኛ መጻፍ ለአነባበብ በጣም ይረዳል። ሃይድራላዚንና ሃይድሮክሲዚን «ራ» እና «ሮ» ላይ ወዲያው ይለያያሉ። ለአጻጻፍ ግን አይሆንም። የጭንቀቱ ዛናክስ እና እ.ኤ.አ. በ2020 ከአሜሪካ ገበያ እንዲወጣ የተደረገው የጨጓራው ዛንታክ በእኛ ፊደል ሁለቱም በ«ዛ» ይጀምራሉ። በእንግሊዝኛ አንዱ በኤክስ፣ ሌላው በዜድ ነው። ስለዚህ በአማርኛ አንብቡት፣ በእንግሊዝኛ በእጃችሁ ጻፉት።

የንግድ ስሞችን ጥናት ለመጨረሻ አቆዩት። ትምህርት ቤቶች የመድኃኒቱን ዓለም አቀፍ ስምና የንግድ ስሙን ጎን ለጎን ያስጀምራሉ፤ እኔ አልስማማም። የንግድ ስም ኩባንያው እንደፈለገ የሚያወጣው ነው፣ ይቀየራልም። ኦሜፕራዞል አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ሎሴክ ተብሎ ነበር። ላሲክስ ከሚባለው የሽንት መድኃኒት ጋር ስለተምታታ ፕራይሎሴክ ተባለ። ብሪንቴሊክስ የተባለው የድብርት መድኃኒትም ብሪሊንታ ከሚባለው የደም ማቅጠኛ ጋር እየተምታታ እ.ኤ.አ. በ2016 ትሪንቴሊክስ ሆነ። ኦሜፕራዞል የሚለው ስም ግን ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ አዲስ አበባ ፋርማሲ ገብታችሁ ብትጠይቁም የሚሰጧችሁ በዚሁ ስም ነው።

የት ልጀምር ለምትሉኝ፣ የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን የመድኃኒት ፌስታል ክፈቱና የስሞቹን መጨረሻ አንብቡ። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ አቶርቫስታቲን ካገኛችሁ ሦስት ቤተሰብ ይዛችኋል።