የሞክሼዬ ጣጣ፦ ከቡሬ እስከ ቦሌ

ከቡሬ ባሕር ዳር በሚኒባስ ነው የመጣሁት። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ እንጅባራ ላይ ብርዱ እንደ ልማዱ ነበር።

ማታ በስልኬ ቼክ ኢን ላደርግ ስል የአዲስ አበባው በረራ ወዲያው እሺ አለ፣ የዋሽንግተኑ ግን «ካውንተር ላይ ይቅረቡ» ብሎ ቆመ። ሦስተኛዬ ስለሆነ እንቅልፍ አልነሳኝም። አየር መንገዱ ከበረራው 72 ሰዓት ቀድሞ ጀምሮ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ጾታ ለአሜሪካ ትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት ይልካል። እዚያ ስሙ ከተፈላጊዎች መዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ተፈላጊ ሞክሼ ያለው ሰው እስኪጣራ ድረስ ቦርዲንግ ፓሱ ይያዛል። እኛ ዘንድ ደግሞ ይብሳል። «መሐመድ»ን በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንጽፈዋለን! ትኬት ቆራጩ የአያትን ስም ከዘለለ፣ ወይም የልደት ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ከከተተው፣ ከሞክሼ የሚለየን አንዱ ነገር ጠፋ ማለት ነው። ትኬቱ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም።

መድኃኒቱ ዲኤችኤስ ትሪፕ ይባላል፤ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ የአሜሪካ መንግሥት የቅሬታ ማመልከቻ ነው። በኢንተርኔት ይሞላል፣ የፓስፖርት ቅጂ ይያያዛል፣ ክፍያ የለውም። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ደብዳቤ መዝገቡ ላይ ነበርክ ወይም አልነበርክም አይልም፤ ይህ ያናድዳል። የሚጠቅመው አብሮት ያለው ባለ 7 አኃዝ ሪድሬስ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ምንም አይሠራም፤ ትኬት በተቆረጠ ቁጥር ቡኪንጉ ውስጥ መግባት አለበት። ትኬቴን የሸጠልኝ ቢሮ ቁጥሩን ጽፌ ሰጥቼው ረስቶታል።

ጠዋት ባሕር ዳር ካውንተር ላይ የነበረችው ልጅ «ጋሼ፣ የዋሽንግተኑን ከቦሌ ይውሰዱ» አለችኝ። ሪድሬስ ቁጥሬ ያለበትን ደብዳቤ አሳየኋትና «ዶኮ የሚባለው ቦታ ላይ ቁጥሩን አስገቢልኝ» አልኳት። አላጉረመረመችም፤ ባልደረባዋን ጠይቃ አስገባችው። ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ሁለቱንም ቦርዲንግ ፓስ አወጣ። የዋሽንግተኑን አገላብጬ አየሁት፤ ባለፈው ጊዜ ጥግ ላይ የታተሙት አራት ኤሶች (SSSS፣ የተጨማሪ ፍተሻ ምልክት) የሉም። እነሱ ካሉ በር ላይ እጅ በጨርቅ ይጠረጋል፣ የእጅ ሻንጣ እስከ ታች ይበረበራል፤ ስለዚህ ከሦስት ሰዓት በላይ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። አልፎ አልፎ ሞክሼ የሌለውም ሰው በዕጣ ይደርሰዋል።

ደስታዬ ቦሌ ድረስ ነበር። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ በእጅ ሻንጣ ከ350 ሚሊ ሊትር የበለጠ ዱቄት ካለ ለብቻው ይፈተሻል። ይህን እያወቅሁ የቡሬን በርበሬ ጭነት ሻንጣው ሞላ ብዬ በእጄ ይዤ ነበር። ፈታሹ ቋጠሮውን ፈታ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ መልሼ እኔው እንድቋጥረው ሰጠኝ።