ፎቶዎቻችን የት ናቸው?

የቤተሰብ አልበም ቁም ሣጥን ውስጥ በነበረበት ጊዜ ማን እንደተዋሰው፣ ከየትኛው ገጽ ፎቶ እንደተነቀለ ይታወቅ ነበር። ጉዳቱም ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ፎቶ ይደበዝዛል፣ ከዓመታት በኋላ ሌላው ይቀደዳል። አሁን የልጅ የመጀመሪያ እርምጃም ያረፈ አባት ድምፅም ኪስ ውስጥ ባለ አንድ ዕቃ ላይ ተከማችተዋል፤ ሲጠፉም አብረው ይጠፋሉ። ሳስበው የሚያሳዝነኝ፣ አብዛኛው ጥፋት ሊቀር ይችል የነበረ መሆኑ ነው። "ግድ የለም፣ ክላውድ ላይ አለ" ብሎ የሚዘናጋው ሰው ብዙ ነው።

ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የኩባንያ ማከማቻ፣ ያለው አብዛኛው ፎቶ የሚቀመጠው በሲንክ ነው። ሲንክ ደግሞ ስልኩና ክላውዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ያደርጋል፦ እዚህ የተጨመረው እዚያም ይጨመራል፣ እዚህ የተሰረዘውም እዚያ ይሰረዛል። ስለዚህ "ስልኩ ሞልቷል" የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ከጋለሪው እየመረጠ የሚሰርዝ ሰው፣ ሳያውቀው ሁለቱንም ቅጂ እያጠፋ ሊሆን ይችላል። ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገን (መጠባበቂያ ቅጂው ክላውድ ላይ የተቀመጠን) ፎቶ ከተሰረዘ በኋላ 60 ቀን ያቆየዋል፤ የአፕል አይክላውድ 30 ቀን ገደማ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። በጉግል ፎቶስ ቦታ ማስለቀቂያ ተብሎ ለብቻው የተሠራ ምርጫ አለ፤ ክላውድ ላይ መድረሳቸው የተረጋገጠውን ብቻ ከስልኩ ያነሳል። አይፎን ደግሞ ዋናውን ፎቶ አይክላውድ ላይ አስቀምጦ ስልኩ ላይ ትንሽ ቅጂ የሚተውበት አሠራር አለው። ይህ ተከፍቶ ከሆነ ስልኩን ከኮምፒውተር አገናኝቶ መገልበጥ አይበቃም፤ ዋናዎቹ ስልኩ ላይ የሉምና መጀመሪያ መውረድ አለባቸው።

ሌላው ባክአፑ ድምፁን አጥፍቶ መቆሙ ነው። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይሉም፣ ለፋይሉም፣ ለፎቶውም በጋራ ነው፤ እስከ ሜይ 2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ መጠናቸው ቀንሶ የሚጫኑ ፎቶዎች አይቆጠሩም ነበር፣ አሁን ግን ይቆጠራሉ። አይክላውድ በነፃ የሚሰጠው 5 ብቻ ነው። አንድ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ቢሆን 15 ጊጋባይት አራት ሺህ ያህል ይይዛል። ቪዲዮ ግን ሒሳቡን ያፈርሰዋል። በአይፎን በ4ኬ ጥራት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም የተቀረጸ አንድ ደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ቦታው ያልቃል። ዝቅ ባለው በ1080 ጥራት ከተቀረጸ ደቂቃው 60 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለዕለት ተዕለቱ ይህ ከበቂ በላይ ነው እላለሁ። ባክአፑ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ በዚያው ስልክ ማየት አያስተማምንም። በሌላ መሣሪያ፣ በብራውዘር ገብቶ የመጨረሻው ፎቶ ቀን ስንት እንደሆነ ማየት ነው። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ሳይነገረው የሚጭነው የካሜራውን ፎልደር ነው፤ በዋትስአፕ የመጡት እንዲገቡ ፎልደራቸውን ለይቶ ማብራት ያስፈልጋል።

በመልእክት መተግበሪያ የሚላክ ፎቶ ደግሞ ተጨምቆ ነው የሚሄደው። 4 ሜጋባይቱ ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል፣ የተነሳበት ቀንና ቦታም ከውስጡ ይጠፋል፤ ተቀባዩ ጋ የሚታየው የደረሰበት ቀን ነው። የሠርግ ፎቶ ለዘመድ ሲላክ እንደ ፋይል መላክ ይሻላል፣ ያኔ ምንም ሳይነካ ይደርሳል። የድምፅ መልእክት ከዚህም የባሰ ነው፤ ጋለሪ ውስጥ ስለማይገባ የትኛውም የፎቶ ባክአፕ አያገኘውም። ቴሌግራም ላይ ባለቤቱ ለተወሰነ ጊዜ ካልገባ አካውንቱ ከነመልእክቶቹ ይሰረዛል፤ የጊዜው ርዝመት ሴቲንግ ውስጥ ይመረጣል። የሚወዱት ሰው ድምፅ ካለ ዛሬውኑ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ማውጣት ነው። ይህን አጥብቄ እላለሁ፣ ምክንያቱም ፎቶ ከሌላ ሰው ስልክ ይገኝ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ብቻ የተላከ ድምፅ ግን ሌላ ቦታ የለም።

"ስልኩ ቢሰበር ጠጋኝ ያወጣዋል" የሚለውም ተስፋ አርጅቷል። የዛሬ ስልኮች ሜሞሪያቸው የተመሰጠረ ነው፤ ቁልፉም ከስልኩ ቺፕና ከመክፈቻ ኮዱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ የሜሞሪ ቺፑን ነቅሎ ማንበብ አይቻልም። ስክሪን ብቻ ከሆነ የተሰበረው፣ ስክሪኑ ሲቀየር ሁሉም እንዳለ ይገኛል። ቺፖቹ የተተከሉበት ዋናው ቦርድ ከሞተ ግን ወይ ቦርዱ እንደገና ይነሳል፣ አለዚያ ፎቶው ቀርቷል።

ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላሉ። በተግባር ስልኩና ክላውዱ አሉ፤ የሚቀረው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሞላ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነው። ፍላሽ ለዚህ አይመረጥም፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት ሲቀመጥ የያዘው ቻርጅ እየፈሰሰ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ርካሽ ሆነው ትልቅ መጠን የሚያሳዩ ሐሰተኛ ፍላሾችም አሉ፦ ከእውነተኛ መጠናቸው ሲያልፉ ስሙን ብቻ ይመዘግባሉ፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይታወቃሉ። ረጅም ቪዲዮ አልገለበጥ ካለ፣ ዲስኩ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደራደር ፎርማት ስለተደረገ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት የሚባለው ግን ይቀበላል። ፎርማት መቀየር ግን ያለውን ስለሚያጠፋ አስቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይገባል። ገልብጦ ሲያበቁም በሁለቱም በኩል የፋይሉን ብዛትና ጠቅላላ መጠን ማነጻጸር፣ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው ጥቂቱን ከፍቶ ማየት፤ መሰረዝ ከዚያ በኋላ ነው። ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው መንቀል ይገባል፤ በሠራ ቁጥር መረጃው የተጻፈበት በውስጡ ያለው ሳህን እየተፋቀ ሊሆን ይችላል።

ባለቤቱ ባይኖርስ? ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ሴቲንጉ ውስጥ ግን እስከ 10 የሚደርሱ ሰዎችን አስመዝግቦ፣ አካውንቱ ከ3 እስከ 18 ወር ሳይነካ ከቆየ የተመረጠው መረጃ እንዲደርሳቸው ማድረግ ይቻላል። አፕልም ወራሽ የሚመዘገብበት አለው፤ ወራሹ የመግቢያ ቁልፉንና የሞት ማስረጃውን ማቅረብ አለበት። ሁለቱም የሚሠሩት ሰውየው በሕይወት እያለ ከሞላው ብቻ ነው።

የድሮ ፎቶ ጀርባው ላይ ስም ይጻፍበት ነበር። ስልክ ሰዓቱንና ቦታውን ይመዘግባል፣ ከአያት አጠገብ የቆመችው ሴት ማን እንደሆነች ግን አይጽፍም። መተግበሪያው ውስጥ የተጻፈ መግለጫም ፎቶው ሲወርድ አብሮት ላይወጣ ይችላል፤ ከጉግል ሲወርድ በሌላ ፋይል ተነጥሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ስሙን ፋይሉ ስም ላይ መጻፍ ይሻላል፦ ዓመት፣ ወር፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ እነማን እንደሆኑ። አያት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጦ እየጠየቁ መጻፍ ነው።