ቃጫውን ሳላጥበው አነጠፍኩት

ጨዋማ መሬት ያለው ሰው መደቡ ላይ የኮኮናት ቃጫ ምንጣፍ ከማንጠፉ በፊት ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

ጨው እንዳይወጣ አፈሩን በጉዝጓዝ የመሸፈን ሐሳቡ ራሱ ልክ ነው። ፀሐይ አፈሩን ስታደርቅ ከሥር ያለው ውሃ ጨው ተሸክሞ ወደ ላይ ይሳባል፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን ነጭ ቅርፊት ሆኖ እላይ ይቀራል። አፈሩ ጉዝጓዝ ከለበሰ ትነቱ ይቀንሳል፤ የሚወጣው ጨውም አብሮ ይቀንሳል።

መደብ ሠራሁ፣ ቦይ አወጣሁ፣ የኮኮናት ቃጫ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ቀዳዳ ቀድጄ ቲማቲም ተከልኩ።

ጉዱ የመጣው ከምንጣፉ ነው። አንድ የግብርና ባለሙያ «መታጠብ አለበት እንዴ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ዝም ብለህ አንጥፈው» አሉኝ። አመንኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት የቅጠሎቹ ጠርዝ እየነደደ መድረቅ ጀመረ። ውሃ ያነሰው መስሎኝ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አጠጣሁ፣ ባሰበት፤ ለካ ጥቂት ውሃ ከምንጣፉ ያጠበውን ጨው ሥሩ ድረስ አውርዶ እዚያው ይተወዋል እንጂ ከሥሩ በታች አያሳልፈውም። ተመልሼ ስጠይቅ «ማዳበሪያ ጨምርበት» ተባልኩ። ማዳበሪያም እኮ ራሱ ጨው ነው! ጨመርኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ከግማሽ በላይ ችግኜ አለቀ።

በመጨረሻ ከምንጣፉ ቁራጭ ቆርጬ በዝናብ ውሃ ዘፍዝፌ አሳደርኩትና ውሃውን በኢሲ ሜትር፣ ማለትም በጨዋማነት መለኪያ መሣሪያ፣ ለካሁት። ማታ ዜሮ አካባቢ የነበረው ጠዋት ከ3 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨዋማነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጨው በዝቷል ማለት ነው) አልፏል። ቲማቲም እኮ የአፈሩ ጨው በዚሁ መለኪያ 2.5 ገደማ ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ባቄላና ሽንኩርት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚችሉት። የኮኮናት ልጣጭ ቃጫው እንዲላቀቅ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ካልታጠበ ሶዲየምና ክሎራይዱን ይዞት ይመጣል። ይህን ለማወቅ አንድ ባልዲና አንድ ሌሊት ብቻ ይበቃኝ ነበር።

አሁን እዘፈዝፋለሁ፣ ውሃውን እቀይራለሁ፣ የዘፈዘፍኩበት ውሃ ከንጹሁ ብዙም እስካይለይ ድረስ እደጋግማለሁ። ከማንጠፌ በፊት ደግሞ መደቡን አንድ ጊዜ በደንብ አጠጣለሁ፣ ጨው ከሥር በታች እንዲወርድ። ጉዝጓዝ ጨው አያጠፋም፣ እንዳይወጣ ያዘገየዋል እንጂ። ውሃው የሚንጠፈጠፍበት መውጫ ከሌለ ግን ቃጫውን ባትገዙት ይሻላል።

ጨው በመደቡ አናት ላይ ስለሚከማች ችግኙን የምተክለው ጎኑ ላይ ነው። «ጂፕሰም ጨምር» የሚለኝ ሰው አላጣሁም፤ ጂፕሰም ካልሲየም ያለበት ማዕድን ነው፣ የሚጨመረውም ሶዲየም ለበዛበት አፈር ነው፣ ሳታስመረምሩ አትጨምሩ። የጆንያ ጨርቅም ሞክሬያለሁ። ቶሎ ይበሰብሳል፣ ግን ለአንድ ወቅት ሰብል ከኮኮናቱ እመርጠዋለሁ።

ባለፈው ምርት ሰብስቤ ምንጣፉን ስገልጠው አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነበር። አጠገቡ ሳላለብሰው የተውኩት መደብ ነጭ ቅርፊቱን እንደያዘ ነው።