ሰርጥ በጣት እየደፈንኩ፦ የካርታ ንባቤ እስካሁን

ወንዞቹን ጨርሼ ወደ ባሕር ገብቻለሁ፤ አሁን የያዝኩት ሰርጦችን፣ ማለትም ሁለት ባሕሮችን የሚያገናኙ ጠባብ የባሕር መተላለፊያዎችን ነው። ዘዴዬ ቀላል ነው። አንዱን ሰርጥ በጣቴ እደፍንና «መርከቡ አሁን በየት ይሂድ?» እላለሁ።

በማሌዢያና በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት መካከል ያለውን ማላካን ውሰዱ። ሲንጋፖር አጠገብ ሲደርስ ስፋቱ 3 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቢዘጋ ግን በሌሎቹ የኢንዶኔዥያ ሰርጦች፣ በሱንዳ ወይም በሎምቦክ መዞር ይቻላል፤ መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይቀርም። የፋርስ ባሕረ ሰላጤ በር የሆነው ሆርሙዝ ከሱ በብዙ ይሰፋል፤ ለኩዌትና ለኳታር ግን ሌላ የባሕር መውጫ የለም። ሳዑዲ እስከ ቀይ ባሕር፣ ኤምሬትስ እስከ ፉጃይራ የነዳጅ ቧንቧ የዘረጉት ወደው አይደለም።

ብዙ የቆየሁት ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚያገናኘው ባብ ኤል ማንደብ ላይ ነው፤ በስዊዝ የሚመላለስ የእስያና የአውሮፓ መርከብ በዚህ ያልፋል። ርቀቱን ሉል ላይ በክር ለካሁ። (ጠፍጣፋ ካርታ ርቀት ላይ ይዋሻል። ሉል ከሌላችሁ ተዋሱ።) ከሲንጋፖር ሮተርዳም በስዊዝ በኩል ከመሄድ ይልቅ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል። የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ዙሪያ ጥምጥም መረጡ። ዱላው ክፉኛ ያረፈው ጠቡ ውስጥ በሌለችበት በግብፅ ላይ ነው፤ የስዊዝ ገቢዋ በ2023 ከነበረበት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ወረደ።

ከዚያ ወደ እኛ ሰፈር መጣሁ። የጅቡቲ ወደብ ያለው ከሰርጡ በስተደቡብ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። ስለዚህ ከቻይና ወይም ከህንድ የሚመጣ ኮንቴይነር ሰርጡን ሳይነካ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አድርጎ ሰተት ብሎ ይገባል። ከጥቁር ባሕር የሚመጣ ስንዴ ግን ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ለኢትዮጵያ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ይዛ ጅቡቲ የደረሰችው መርከብ ቦስፎረስን፣ ዳርዳኔልስን፣ ስዊዝንና ባብ ኤል ማንደብን ተራ በተራ ማለፍ ነበረባት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቁልፍ ቱርክ እጅ ነው፤ ሦስተኛው ግብፅ እጅ።

አሰብ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከሰርጡ ወዲያ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ስለሆነ የእስያ ዕቃ ወደዚያ ለመድረስ የግድ ባብ ኤል ማንደብን ያልፋል። በየሻይ ቤቱ የወደብ ክርክር ሲጦፍ ይህችን የሚያነሳ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ቀጣዩ ፓናማ ነው። እዚያ መርከቦቹ የሚሻገሩት በዝናብ በሚሞላ ሐይቅ ላይ ነው፤ በ2023 ድርቅ ሲመታው በቀን የሚያልፉትን መርከቦች ቁጥር እስከመቀነስ ተደርሷል። በጣት ደፍኖ የሚታይ ስላልሆነ ሌላ ዘዴ እየፈለግኩ ነው። የሞከራችሁት ካለ ጣል አድርጉልኝ።