ከቶል ስንሸሽ ቀኑ መሸ

«እማዬ፣ እነዚያ ለምንድን ነው የሚሄዱት? እኛስ ለምን ቆምን?»

ታናሿ ልጄ ናት፣ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ። ዕለቱ ያለፈው ዓመት ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ቅዳሜ ነው። 95 ሃይዌይ ላይ፣ ዉድብሪጅ አካባቢ፣ ተገትረናል። ከአጥሩ ወዲያ፣ ኤክስፕረስ ሌን በሚሉት የክፍያ መስመር ደግሞ መኪኖች ሽው እያሉ ያልፉናል። «እነሱ ከፍለው ነው» አልኳት። «እኛ ለምን አንከፍልም?» ስትለኝ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት።

የምንሄደው ኪንግስ ዶሚኒየን ነበር። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ መቼም ይህን የመጫወቻ ፓርክ ያውቀዋል። ዶስዌል የምትባል ቦታ፣ ከሪችመንድ 20 ማይል ያህል በስተሰሜን፣ ከ95 በኤግዚት 98 ሲወጡ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ መሐሉ ላይ የፓሪሱን ኤፍል ታወር ሲሶ የሚያህል ማማ ቆሟል። ከእኛ ሰፈር፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው፤ ባለቤቴ ደግሞ ሁለት ሥራ። ሁለታችንም አንድ ቀን እረፍት እንዲገጥመን ከባልደረቦቻችን ጋር ተራ ስንቀያየር ሁለት ወር ፈጅቶብናል። ያቺ ቅዳሜ እንዲህ የተገኘች ቅዳሜ ነበረች።

ቶል፣ የመንገድ ክፍያውን ማለቴ ነው፣ የፈራሁበት ምክንያት አለኝ። አገር ቤት ሳለሁ የማውቀው የክፍያ መንገድ የአዲስ አበባ አዳማው ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት አንድ ሁለቴ ሄጄበታለሁ። መግቢያው ላይ ካርድ ትቀበላለህ፣ መውጫው ላይ ዳሷ ውስጥ ለተቀመጠችው ልጅ ትሰጣለህ፣ ዋጋውን ትነግርሃለች፣ ከፍለህ ትሄዳለህ። እዚህ ግን ሰው የለም። ካሜራ ታርጋህን ያነሳና ሂሳቡ በፖስታ ይመጣል። አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ለለቅሶ ስሄድ ሳላውቅ አንድ የክፍያ መንገድ ውስጥ ገባሁ። በዚያው ሰሞን ቤት ቀይረን ነበር፤ የመኪናዋን አድራሻ ግን አላስቀየርኩም። ደብዳቤው አሮጌው ቤት ሲመላለስ ቆይቶ እጄ ሲገባ፣ ጥቂት ዶላር የነበረው ሂሳብ ቅጣት ተጨምሮበት ከመቶ በላይ ሆኗል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አድራሻ ማስቀየር ነበረብኝ። ግን ያንን ወረቀት ይዤ ኩሽና ውስጥ የቆምኩበትን ሰዓት እስካሁን አልረሳውም። የዚያን ሳምንት ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ነበር። ስደት ላይ ያለ ሰው ደብዳቤ ይፈራል፤ በተለይ መስኮት ያለው ፖስታ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ «ከቶል መንገድ አርቀኝ» የሚለውን ምርጫ አብርቼው አላጠፋሁትም። ጎግል ማፕስ የሚያሳየኝ መንገድ ሁሉ በዚያ ወንፊት ያለፈ ነው።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ከቤት የወጣነው ረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ይሄ የመጀመሪያው ስህተታችን። በነሐሴ ቅዳሜ በዚያ ሰዓት 95ን ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርደው የዋሽንግተን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከኒው ዮርክና ከኒው ጀርሲ ተነስቶ ወደ ካሮላይናና ወደ ፍሎሪዳ የሚጓዘውም በዚያው ነው የሚያልፈው። ኦኮኳን ወንዝ ጋ ሲደርሱ ደግሞ መንገዱ ይጠባል። ዕለት ዕለት የሚነዱበት ሰዎች ሲናገሩ ብሰማም እኔ የማውቀው ስፕሪንግፊልድ ድረስ ያለውን ብቻ ስለነበር ልብ አላልኩትም።

ስልኩ «11 ደቂቃ የሚቆጥብ መንገድ» ብሎ ወደ ሩት ዋን አወጣን። ሩት ዋን ከ95 ጎን ለጎን የሚወርድ የድሮ መንገድ ነው፣ ቶል የለውም፤ መብራቱ ግን አያልቅም። ደምፍሪስ ላይ ሦስት መብራት ለማለፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ስልኩ እኛን ያወጣበት ምክር ለሌላውም ደርሶት ኖሯል፤ ከፊታችን ሻንጣ ጣራው ላይ የጫነ መኪና ተሰልፏል። ስታፎርድ ስንደርስ ታናሿ ሽንቷ መጣ። ነዳጅ ማደያ ገብተን፣ እዚያው የመኪና ማቆሚያው ላይ የሽሮ ፍትፍታችንን ከፈትን። ልጆቹ ፍልሰታን እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚጾሙት፣ ሐምበርገር ግዙልን እንኳ አላሉም። ባለቤቴ አንድ ጉርሻ አጉርሶኝ «ምናለ ዛሬን ብንከፍል?» አለኝ ቀስ ብሎ። እኔም «ስንት እንደሚያስከፍሉ ታውቃለህ? ዋጋው እየተቀያየረ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ልጆቹ ፊት። አሁን ሳስበው ያቺ ጩኸት ከመንገዱ ይልቅ ትቆጨኛለች።

ፓርኩ የደረስነው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ መጫወቻ ደግሞ ሰልፍ። ትልቁ ልጄ ሁለት ነገር ላይ ወጣ፣ ታናሿ ሦስት፣ ከዚያ መሸ። የመግቢያውን ገንዘብ ለአራት ሰው ከፍለን፣ ያዳንነው የቶል ሂሳብ ነው።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ለጋሼ አጫወትኳቸው። ጋሼ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ የዚህ አካባቢ መንገድ በእጃቸው መዳፍ ላይ ነው። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንት ሆናችሁ ነበር የሄዳችሁት፣ ልጄ?»

«አራት።»

«እንዴ! አራት ሆናችሁማ በነጻ ነበር የምታልፉት።»

መኪናቸው ድረስ ወሰዱኝና መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን ነጭ ሳጥን አሳዩኝ። ኢዚፓስ ፍሌክስ ትባላለች። ኢዚፓስ የቶል ሂሳብን በራሱ የሚከፍል መሣሪያ ነው፤ ተራው ክፍያ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ፍሌክሷ ግን የምትንሸራተት ቁልፍ አላት። መኪናው ውስጥ ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ካለ፣ ኤች ኦ ቪ (ብዙ ሰው የጫነ መኪና ማለት ነው) ወደሚለው ጎን ትገፋታለህ፣ 95፣ 395ና 495 ላይ ባሉት ኤክስፕረስ ሌኖች ሳትከፍል ታልፋለህ። ሹፌሩ ይቆጠራል። ልጅ ይቆጠራል፣ የታቀፉት ሕፃንም ቢሆን። ቁልፏ መስተካከል ያለባት መንገዱ ውስጥ ሳይገባ በፊት ነው፤ ከገቡ በኋላ ብትገፋት ዋጋ የለውም። ደግሞ ብቻውን የሚነዳ ሰው ኤች ኦ ቪ ላይ ትቷት ቢገባ ፖሊስ ያገኘዋል፣ ቅጣቱ ቀላል አይደለም።

እኔን ያቃጠለኝ ስልኬ ነው። «ከቶል አርቀኝ» ስላልኩት፣ ለእኔ ነጻ የሆነውን መንገድ ጭምር ደብቆኝ ኖሯል። ስልኩ መኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ስንቱን እንደጠየቅሁ ብታውቁ። ሦስት አራት ልጅ ከኋላ ጭነው ከሚቆሙት መሐል ስለ ፍሌክስ የሰማች አንዲት ብቻ ናት ያገኘሁት።

ዘንድሮ ፍሌክሷን ይዘን እንደገና ሄድን፤ እንደገና ነሐሴ፣ እንደገና ቅዳሜ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ነበርን። ከመነሳታችን በፊት ታናሿ ከኋላ እየጠቆመች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላ ቆጠረችን፤ ከዚያ በወንበሮቹ መሐል ተንጠራርታ ቁልፏን ገፋቻት። ቀጭ አለች። ሥራው የእሷ ነው፣ ወንድሟ እንዲነካው አትፈቅድም።

የ95 ኤክስፕረስ ሌን አቅጣጫው ይገለበጣል፤ በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ሰሜን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ነው የሚከፈተው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደቡብ ነበር፣ ለእኛ የሚመቸን። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ለሚከፍለው ሰው ዋጋውን ይጽፋል፤ መንገዱ ሲጨናነቅ ይወጣል፣ ሲቀል ይወርዳል፣ ሰው ግን የሚከፍለው ሲገባ ያየውን ነው። እጄ መሪው ላይ አልቦት ነበር፤ ያ የፖስታ ወረቀት ዓይኔ ላይ ይመጣል። ባለቤቴ ምንም አላለኝም፣ ትከሻዬን ብቻ ነካ አደረገኝ። ገባሁ።

እ.ኤ.አ. በ2023 መንገዱን እስከ ፍሬደሪክስበርግ ስላስረዘሙት፣ ያለፈው ዓመት ሰቆቃችን ያለፈበትን ሁሉ፣ ዉድብሪጅን፣ ደምፍሪስን፣ ስታፎርድን፣ ሳንቆም አለፍናቸው። ያቺ ሽሮ የበላንባት ማደያ የት እንደነበረች እንኳ ሳላይ። ከፍሬደሪክስበርግ በኋላ ተራው 95 ላይ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ያለው ወደ 35 ማይል ነው፣ ጫካ በጫካ። ትልቁ ልጄ ማማውን ከዛፎቹ በላይ ሲያይ ጮኸ። በሩ ሳይከፈት ነው የደረስነው።

ስንመለስ ባለቤቴ «በ301 እንሂድ» አለ። በዚያ በኩል ሄዳችሁ የማታውቁ ካላችሁ ምሽት ላይ ሞክሩት። ከዶስዌል በሩት 30 ወደ ምሥራቅ ትንሽ ሄዶ 301ን መያዝ ነው፤ ቦውሊንግ ግሪንን፣ ፖርት ሮያልን አልፎ ወደ ሜሪላንድ ይሻገራል። ይረዝማል፣ ግን ግራና ቀኙ እርሻ ነው፣ የጭነት መኪና ጋጋታ የለውም። ፖቶማክን የሚሻገረው ድልድይ ያስከፍላል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ከዚህ በፊት እሺ አልልም ነበር። ለካ የሚያስከፍለው ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ሲሻገሩ ብቻ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲመለሱ ምንም የለም። አሮጌውን፣ እ.ኤ.አ. የ1940ውን ድልድይ፣ አንድ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፤ በየአቅጣጫው አንድ መስመር፣ ዳር የሌለው፣ ከፍታው ሆድ የሚያላውስ። እ.ኤ.አ. በ2022 በአዲስ ተተክቷል፤ አሁን አራት መስመር አለው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የደረስንበት፣ ወንዙ ቀይ ሆኖ።

ከድልድዩ በፊት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሳለን፣ አንድ ገበሬ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ የበቆሎ እሸት ይሸጣል። ባለቤቴ መኪናዋን አስቆመኝ። አንዱን ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ሲያሸተው አየሁት፤ ነሐሴ፣ ዝናብ፣ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ከሰል የምታራግበዋ ሴትዮ፣ ሁሉም መጣብኝ። አንድ ደርዘን ገዛን። ልጆቹ ኋላ ወንበር ላይ ከከረጢቱ ጋር ተቃቅፈው ተኙ።

ማታ ምድጃው ላይ እያገላበጥኩ ስጠብስ፣ ታናሿ በፒጃማዋ መጣች፤ የመኪናዋን ቁልፍ አምጪ አለችኝ። «ምን ልታደርጊ?» ስላት፣ «ሰኞ ለሥራ ብቻሽን ነሽ የምትሄጂው» አለች። ወንድሟን ይዛ ወደ ማቆሚያው ወረደች፤ የሳጥኗን ቁልፍ ከኤች ኦ ቪ መልሳ ስትመጣ አንድ እሸት ከነትኩሳቱ ሰጠኋት።